የተፈጥሮ ዱቄቶች ለዶሮ ተባይ፦ እውነት አይጎዱም?

ንጋት7፦

ጤና ይስጥልኝ። ቤቱ የእንጨት ነው፣ 25 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉበት። ማታ በባትሪ ሲታይ ከቆጡ ሥርና ከማዕዘኖቹ ስንጥቅ ቀያይና ግራጫ ጥቃቅን ነገሮች ይወጣሉ። በአንዳንዶቹ ዶሮዎች ላይ ደግሞ ፊንጢጣቸው ዙሪያ ያለው ላባ ጠቁሮ ተጣብቋል፣ ቆዳው ቅርፊት ይዟል። እንቁላልም ቀንሷል።

ዲያቶማይት፣ የእንጨት አመድ፣ ድኝ፣ ኖራ፣ የትንባሆ ዱቄት፤ መካሪው ብዙ ነው፣ ሁሉም «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» ይላል። ግን ዱቄቱ ሲበተን ዶሮዎቹ ያስነጥሳሉ፣ የሚበትነውንም ሰው ጉሮሮውን ይከረክረዋል። እውነት አይጎዳም? የትኛው ለየትኛው ተባይ ነው? ዶሮዋ ላይ ነው ወይስ ቤቱ ላይ የሚደረገው? በስንት ጊዜ ይደገማል? የምታውቁ መጠኑንም ጨምራችሁ ብትጽፉልኝ።

ቆጠኛው፦

ማስነጠሱን ልብ ማለትዎ ጥሩ ነው፤ የጥያቄው ፍሬ እዚያ ላይ ነው ያለው። ከተፈጥሮ መገኘቱ ስለ ደኅንነቱ ምንም አይነግረንም። ኒኮቲን ከቅጠል ይወጣል፣ ግን በቆዳ በኩል ገብቶ ዶሮም ሰውም ይመርዛል። ስለዚህ የትንባሆውን ዱቄት ከአሁኑ ከዝርዝርዎ ያውጡት፤ በአነስተኛ መጠንም ቢሆን አልመክረውም፤ ምክንያቱም በቅጠሉ ውስጥ ምን ያህል ኒኮቲን እንዳለ በቤት ውስጥ ማወቂያ መንገድ የለም።

ወደ ዲያቶማይት ልምጣ። ይህ በጥንት ሐይቆችና ባሕሮች ወለል ላይ የተከማቸ የዲያቶም ቅሪት ነው፤ ዲያቶም በዓይን የማይታይ አልጌ ሲሆን ሽፋኑ ሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) ነው። ተባዩን የሚገድለው በመርዝነት አይደለም። የማይቱ (ደም የሚመጥጠው ጥቃቅን ተባይ) ወይም የቅማሉ ገላ እንዳይደርቅ የሚጠብቀውን ሰም የመሰለ ሽፋን ይመጥጠዋል፣ ይቧጭረዋል፤ ተባዩ ከሰውነቱ ውሃ አልቆ ይሞታል። ለዚህ ነው ዱቄቱ እርጥብ ሲሆን የማይሠራው። ቅጫምንና የማይት እንቁላልንም አይገድልም፤ የሚፈለፈለው አዲሱ ትውልድ የሚሞተው ዱቄቱ በደረቅነቱ ቆይቶ ከጠበቀው ብቻ ነው።

አደጋው ያለው በዓይነቱ ላይ ነው። ሳይቃጠል ተቆፍሮ የተፈጨው ዲያቶማይት በአብዛኛው ቅርጽ የለሽ ሲሊካ ነው፤ ለምግብና ለመኖ ደረጃ የሚሸጠው ክሪስታል ሲሊካው ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠው ግን በከፍተኛ ሙቀት የተጠበሰ ነው። ሲጠበስ ሲሊካው ክሪስቶባላይት ወደሚባል ክሪስታል ይለወጣል፤ እንዲሁ የተጠበሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ሶዳ ጨምረው የጠበሱት ደግሞ ከ40 እስከ 60 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ወደ ሳንባ የሚገባ ክሪስታል ሲሊካ ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1997 ካንሰር አምጪ ከሆኑት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የማጣሪያውን ዲያቶማይት በዶሮ ቤት አካባቢ በምንም መልኩ አይጠቀሙ። ተጠብሶ ሽፋኑ ስለተጣበቀ ተባይ መግደሉም ደካማ ነው፤ ጉዳቱ ብቻ ይተርፋል።

ቀለሙን አይተው አይለዩ። ተጠብሶ ሮዝ ወይም በጣም ነጭ የሚሆን አለ፣ ሳይጠበስም ነጣ ያለ አለ። ከረጢቱ ላይ የክሪስታል ሲሊካው መጠን ካልተጻፈ፣ ወይም «ለማጣሪያ» የሚል ካለበት፣ አይግዙት።

ደኅናው ዓይነትስ ምንም አይጎዳም ወይ? መርዝ አይደለም፣ አቧራ ግን ነው። ያውም በጣም የላመና ውሃ የሚመጥ አቧራ፤ ዓይን ያደርቃል፣ የመተንፈሻ ቱቦን ያሳክካል። የዶሮ ሳንባ እንደ እኛ ሳንባ አይለጠጥም፤ አየሩ በሳንባው እያለፈ እስከ ሆድ ዕቃዋ በተዘረጉት የአየር ከረጢቶች ውስጥ ይዘዋወራል፤ ላም ያለ አቧራም አብሮት ወደ ውስጥ ይገባል። የጉዝጓዙ አሞንያ (ከኩስ የሚወጣው ጋዝ) አስቀድሞ በመተንፈሻ ቱቦዋ ውስጥ ያሉትን አቧራ ጠራጊ ፀጉሮች ካዳከማቸው ደግሞ ያው ዱቄት እጥፍ ይጎዳታል። ስለዚህ ዶሮዎች ባሉበት፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ በእፍኝ መበተን ተገቢ አይደለም፤ «የምግብ ደረጃ» ያለውም ቢሆን።

ላባ፦

ቆጠኛው ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ግን ከዱቄቱ በፊት ተባዩን ይለዩ፤ እርስዎ የጻፉት ሁለት የተለያየ ነገር ይመስላል።

ማታ ከስንጥቅ የሚወጣው የዶሮ ቀይ ማይት ነው። ቀን ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል፣ ጠግቦ ይመለሳል። ሲሞቅ በአንድ ሳምንት ገደማ አዲስ ትውልድ ያደርሳል፣ ሳይበላም ወራት ይቆያል። ይህን ዶሮዋ ላይ ዱቄት በመነስነስ አያገኙትም፤ ቤቱ ላይ ነው የሚሠራው። ፊንጢጣ ዙሪያ ላባ የሚያጠቁረው ግን ሌላ ማይት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዶሮዋ ላይ ይኖራል፣ እዚያው እንቁላሉን ይጥላል። ለእሱ ቤቱን ብቻ ማጽዳት አይበቃም።

በቀን ብርሃን ላባውን ገልጠው ይዩ። የሚሮጥ ጥቁር ወይም ግራጫ ነጥብ ከሆነ ማይት ነው። የገለባ መልክ ያለው ጠፍጣፋና ቢጫማ ነገር ቆዳው ላይ ቢሮጥ፣ በላባው ሥር ነጭ ቅጫም ተከምሮ ቢያዩ ቅማል ነው። ቅማል ከዶሮዋ ከወረደ አንድ ሳምንት እንኳ አይቆይም፤ ስለዚህ ለቅማል ዋናው ሥራ ዶሮዋ ላይ ነው።

ዱቄት የማይሠራላቸውንም ልጥቀስ። የእግር ቅርፊት የሚያነሳው ማይት ከቅርፊቱ ሥር ሰርስሮ ስለሚገባ ዱቄት አይደርስበትም፤ እግሩን በለብ ያለ ውሃና ሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቫዝሊን በተደጋጋሚ መቀባት ነው። በዓይንና በፊት ዙሪያ ተጣብቆ የሚቀመጠው ቁንጫም እንዲሁ፤ ዓይን አጠገብ ዱቄት ፈጽሞ አይደረግም፣ እዚያም ቫዝሊን ነው። የዶሮ መዥገር ካለ በስንጥቅ ውስጥ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሳይበላ ይኖራል፣ ለዱቄትም ግድ የለውም፤ ስንጥቁን መድፈን ግድ ይላል።

አመድ_ሰፌ፦

ስለ አመዱ ማንም አልመለሰም፣ እኔ ልጨምር። ዶሮዎች በአቧራ የሚታጠቡበት ሣጥን ውስጥ የእንጨት አመድ መጨመር የቆየ ዘዴ ነው፣ በአግባቡ ከተሠራም ይረዳል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ለአምስት ስድስት ዶሮ ይበቃል። ሦስት እጅ ደረቅ የላመ አፈር ወይም አሸዋ፣ አንድ እጅ የተነፋ አመድ። ዝናብ እንዳይገባ ጣሪያ ይኑረው፣ ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ከመኝታው ቤት ውጭ ይቀመጥ። ዶሮዋ ራሷ ስትታጠብ ዱቄቱን ወደ ላባዋ ሥር የምታስገባው ከማንም ሰው በተሻለ ነው፤ ዓይኗንም ጨፍና ነው የምትታጠበው።

አመዱ ከምን እንደመጣ ግን መጠየቅ አለበት። ቀለም የተቀባ፣ ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የተነከረ፣ የተጣበቀ ጣውላ፣ ላስቲክ አብሮት የነደደ ከሆነ አይሆንም። ከአሮጌ ቀለም እርሳስ፣ ከተነከረ እንጨት አርሴኒክ አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ዶሮዋ ስትጭር ትውጠዋለች፣ እርሳሱም እንቁላሏ ውስጥ ይገባል። የድንጋይ ከሰል አመድም ይቅር። ፍም ደግሞ በአመድ ተሸፍኖ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አራት አምስት ቀን አሳድሮ ከዚያ በወንፊት መንፋት ነው።

ቆጠኛው፦

ከአመድ ሰፌ ጋር በሣጥኑ እስማማለሁ፤ አመድ ጉዝጓዝ ላይ መበተን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ስለሆነ ላብራራ።

የእንጨት አመድ ውሃ ሲያገኝ ኃይለኛ አልካሊ ይሆናል፤ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ10 እስከ 13 ይደርሳል። እርጥብ አመድ ላይ የሚውል ዶሮ መርገጫው ይቆስላል። ከዚህ የሚብሰው አሞንያው ነው። በኩስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ጉዝጓዙ አሲዳማ እስከሆነ ድረስ በአብዛኛው ታስሮ ይቀመጣል፤ አመድ ወይም ኖራ ሲጨመርበት ፒኤቹ ወጥቶ አሞንያው በጋዝ መልክ ይለቀቃል። ሰው ሽታ ለማጥፋት ኖራ ይበትናል፣ በማግስቱ ቤቱ ዓይን ያቃጥላል። የአሞንያው መጠን በዶሮዋ ራስ ከፍታ ከ25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 25 እጅ) ማለፍ የለበትም፣ ቢቻል ከ10 በታች ይሁን። ቁጢጥ ብለው በዚያ ከፍታ ሲተነፍሱ ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት ቀድሞውኑ በዝቷል፤ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጉዝጓዙን ሳይለውጡ ማንኛውንም ዱቄት አያስገቡ።

ድኝ_እና_ኖራ፦

ስለ ኖራና ስለ ድኝ በአጭሩ።

ኖራ አንድ ነገር አይደለም። ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለመኖ የሚጨመረው ነው፤ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ተባይ መግደሉም ትንሽ ነው። ተቃጥሎ ገና ውሃ ያላገኘው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ዶሮ ባለበት ቦታ የለውም። ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነውም ፒኤቹ 12 አካባቢ ነው። ይህን የመጨረሻውን መጠቀም የሚቻለው ቤቱ ባዶ ሲሆን በውሃ በጥብጦ ግድግዳና ቆጥ በመቀባት ነው፤ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ሲደርቅም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ኃይሉ ይበርዳል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ዶሮ አይግባ። ሲቀቡ የተገጠመ መነጽር ያድርጉ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፣ «ቆይ ይለፍልኛል» አይባልም።

ድኝ ዶሮዋ ላይ ለሚኖረው ማይት ከሁሉም የተሻለ ዱቄት ነው፤ ይህን አምኜ ነው የምጽፈው። ዲያቶማይት በመታጠቢያ ሣጥን ውስጥ እስካለ ማይቱን ይቀንሳል፣ ሲነሳ ማይቱ ይመለሳል፤ የድኝ ውጤት ግን ይቆያል፣ ሣጥኑን ከማይጠቀሙት ዶሮዎች ላይ እንኳ ማይቱ ይቀንሳል። ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ ንጹሕ የድኝ ዱቄት ከሣጥኑ አሸዋ አንድ አሥረኛ ይበቃል፤ ማሸጊያው ላይ ሌላ መጠን ካለ የማሸጊያውን ይከተሉ። ዓይን ይቆጠቁጣል። አየር ላይ የተበተነ የድኝ ብናኝ ደግሞ በእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል፣ ሲነድ የሚወጣው ጋዝም ዶሮን በፍጥነት ይገድላል፤ የማሞቂያ አምፖል፣ ሻማና ምድጃ ካለበት ቦታ ይራቅ። ድኝ አጭሰው ቤት ለማጽዳት የሚያስቡም ይተዉት።

ንጋት7፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ልጨምር። ለቀይ ማይቱ ዲያቶማይቱን ቤቱ ላይ ሳይቦን እንዴት ላድርገው? የታቀፈች ዶሮና ጫጩቶች አሉ፣ ለእነሱስ? ለውስጥ ትል በመኖ ውስጥ ቀላቅሉት የሚሉም አሉ።

ቆጠኛው፦

ሳይቦን የሚሠራው በውሃ ነው። እርጥብ ሆኖ አይሠራም ብያለሁ፤ ሲደርቅ ግን ኃይሉ በአብዛኛው ይመለሳል፣ በእንጨቱ ላይም ስስ ሽፋን ሆኖ ይጣበቃል።

አሠራሩ ይህ ነው። ጠዋት ዶሮዎቹን ያውጡ፣ መኖና መጠጫውንም አብረው። ጉዝጓዙን አውጥተው ያርቁ። ቆጦቹ የሚነቀሉ ከሆነ ይንቀሉ፤ ማይቱ የሚከማቸው ቆጡ ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ጫፍ ነው። በጠንካራ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥበው ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይተዉት። ቅባት ያለበት እንጨት ላይ ዱቄቱ አይሠራም፤ አስቀድሞ ዘይት ወይም ናፍጣ ቀብቶ በላዩ ዲያቶማይት መጨመር ሁለቱንም ማባከን ነው።

ከዚያ ባልዲ ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ዱቄቱን ቀስ እያደረጉ ይጨምሩ፤ በተገላቢጦሽ ካደረጉት ይቦንናል። ለ1 ሊትር ውሃ ከ100 እስከ 150 ግራም። በጨርቅ ወይም በደቃቅ ወንፊት ያጥልሉት፤ ካልተጠለለ የመርጫው አፍንጫ ይደፈናል። ቶሎ ስለሚዘቅጥ በየደቂቃው ይነቅንቁት። በተለይ ስንጥቆቹን፣ የቆጡን ታችና ጫፍ፣ የሣጥኖቹን መጋጠሚያ ይርጩ ወይም በብሩሽ ይቀቡ። ሲደርቅ ስስ ነጭ ሽፋን መታየት አለበት። ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቅና ይረግፋል፣ ማይቱም ወፍራሙን ክምር ዞሮ ያልፈዋል። ዶሮዎቹ የሚገቡት ከደረቀ በኋላ ነው። ከሰባት ቀን በኋላ ተመልሰው የተራገፈውን ቦታ ይድገሙት፤ ከዚያ በኋላ የሚደገመው ማይት ሲታይ ወይም ቤቱ ሲታጠብ ነው። እርጥበት በበዛበት ወቅት ውጤቱ ይዘገያል።

የሚሠራው ሰው ጭምብል ያድርግ፤ ፊት ላይ የሚገጥም የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሁን፣ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2። የጨርቅ መሸፈኛ ደቃቁን ብናኝ አያቆምም።

ላባ፦

በዶሮዋ ላይ ማድረግ ካስፈለገ ልጨምር፤ ፊንጢጣ ላይ ላለው ማይትና ለቅማል ማለቴ ነው። ውጭ፣ ነፋስ በማይበዛበት ሰዓት፣ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዲያቶማይት ለአንድ ዶሮ ይበቃል። አይርጩት፣ አይነስንሱት፤ በጓንት ጣት እየቆነጠሩ ላባውን ገልጠው ፊንጢጣዋ ዙሪያ፣ ከክንፏ ሥርና ከጅራቷ ሥር ቆዳው ላይ ይሹት። ከአንገት በላይ ምንም አይደረግም። ዶሮዋን ገልብጠው አያቆዩአት፣ ደረቷንም አጥብቀው አይያዙ፤ ዲያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌላት የምትተነፍሰው ደረቷን አንቀሳቅሳ ነው፣ ደረቷ ከታሰረ ትታፈናለች። በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይድገሙ፤ ቅጫሙ የሚፈለፈለው በዚያ መሀል ነው። ሁለት ሳምንት ጨርሶ ካልቀነሰ ዱቄቱን መደጋገሙ ጥቅም የለውም። ላባው ላይ የደረቀውን ቅጫም ክምር ደግሞ በመቀስ ቆርጦ ማቃጠል ከየትኛውም ዱቄት ይፈጥናል።

ዱቄቱ ከተደረገባት በኋላ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል፣ ዓይኗ የሚያነባ ከሆነ ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት ያውጧት፣ ዓይኗን በንጹሕ ውሃ ያጥቡ፣ ዳግመኛ በእሷ ላይ አይሞክሩ።

የታቀፈችው ዶሮ ለ21 ቀን ከሣጥኗ ብዙም አትነሳም፤ እዚያ የገባ ዱቄት ሁሉ ፊቷ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሣጥኗ ውስጥ አያድርጉ። ከመታቀፏ በፊት ሣጥኑን አጽድቶ አዲስ ጉዝጓዝ ማድረግ ነው። ጫጩት ላይማ ጨርሶ አይደረግ፤ የሚያድሩበት ቦታ ጠባብና ሞቃት ነው፣ ብናኙ ይንሳፈፋል። ማይት ካለ እናቲቱንና ቤቱን ነው የምናክመው።

የእንስሳት_ጤና፦

ስለ መኖው ልመልስ። ዲያቶማይት መኖ እንዳይጋገር በሚጨመርበት ጊዜ በአሜሪካ ደንብ ከጠቅላላው መኖ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ያ መጠን ዶሮዋን አይጎዳም ማለት ነው እንጂ ትል ይገድላል ማለት አይደለም። አንጀት እርጥብ ነው፤ ከላይ እንደተባለው በማድረቅ የሚገድል ነገር በእርጥብ ቦታ ሥራው አይታይም። ትል ከተጠረጠረ ኩሷ ይመርመር፣ በተገኘው መሠረት መድኃኒቱ ይሰጥ። በደረቅ መኖ ላይ የተነሰነሰ ዱቄት ደግሞ ዶሮዋ ስትቆነጥር በቀጥታ ወደ አፍንጫዋ ይገባል።

እንቁላሉ ይበላል። ዲያቶማይት በቅርፊቱ አልፎ አይገባም፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የአመዱ ነገር ግን ከላይ እንደተጻፈው ከምንጩ ይወሰናል።

አሁን ያለበትን ደረጃ ደግሞ ይዩ። ፊቷ የገረጣ፣ የምታንቀላፋ፣ ስትነካ ክብደቷ የቀለለ ዶሮ ካለች ደም አንሷታል፤ ለእሷ ዱቄቱ እስኪሠራ መጠበቅ አይገባም። ሐኪም የሚያዝዘው የማይት መድኃኒት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ፍሉራላነር በተፈቀደባቸው አገሮች በመጠጥ ውሃ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.5 ሚሊ ግራም ሆኖ፣ በ7 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። እንቁላሉን ከስንት ቀን በኋላ መብላት እንደሚቻል በየአገሩ ስለሚለያይ ከማሸጊያው ያንብቡ። ለሰብል ወይም ለውሻ የተዘጋጀ መድኃኒት በግምት ቀንሶ ዶሮ ላይ ማድረግ ከሁሉም ዱቄት የባሰ አደጋ ነው።

ዱቄቱ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ከቆጡ ሥር የካርቶን ቁራጭ ይለጥፉ፤ መሀሉ ሞገድ ያለው ዓይነት ቢሆን ማይቱ ይገባበታል። ቁራጩ የመዳፍ ያህል ይሁን፣ በየቦታው አራት አምስት ያድርጉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ነቅለው ቁጥሩን ይገምቱ፣ ከዚያ ያቃጥሉት። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ከሳምንት ሳምንት ካልቀነሰ ያልተነካ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእንቁላል መጣያው ሣጥን ጀርባ ወይም ከጣሪያው ማገር ላይ ነው የሚገኘው።